ሊቲየም ባትሪዎችን በፓራሌል ከማገናኘት በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ መብራት በሄደ ቁጥር ሥራው እንዳይስተጓጎልበት ኢንቨርተርና ባለ 12 ቮልት ሊቲየም ባትሪ የገዛ ሰው፣ ከጊዜ በኋላ አንዱ ሲያንሰው ሁለተኛ በፓራሌል፣ ማለትም ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቭ አገናኝቶ፣ ይጨምርበታል። ሁለቱ ከመገናኘታቸው በፊት ለየብቻቸው መሞላት ሲገባቸው ሙላታቸውን ማስተካከሉን ለገመዱ ይተዋል። እዚህ የምጽፈው በሶላር ሥራ የተለመደውን ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተባለ የባትሪ ዓይነት የሚመለከት ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት የቆየውን ባትሪ ባለበት ሁኔታ፣ አዲሱንም ከካርቶኑ እንደወጣ ማገናኘት ነው። አዲስ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ሆኖ አይመጣም፤ በሁለቱ መካከል የሚፈሰውን ከረንት የሚገድበው ደግሞ የባትሪዎቹና የገመዶቹ ሬዚስታንስ ብቻ ነው። አንዱ 13.4፣ ሌላው 12.4 ቮልት ቢሆኑና ጠቅላላው ሬዚስታንስ 0.02 ኦም ቢሆን፣ ገመዱ በነካበት ቅጽበት 50 አምፔር ይሄዳል። እኔ ይህን የተማርኩት ደሴ ውስጥ በአንድ ሱቅ ጓዳ ነው። የመጨረሻውን የገመድ ጫፍ ከብሎኑ ሳስነካው ብልጭታ ተነሣ፣ የብሎኑም ራስ የስንዴ ፍሬ በምታህል ቦታ ተበልቶ ቀረ። የአዲሱ ባትሪ ቢኤምኤስ (ባትሪውን ከጉዳት የሚጠብቀው የውስጥ መቆጣጠሪያ) ወዲያው ዘጋ፤ ባለሱቁ «ዛሬ የገዛሁት እኮ ነው፣ ወንድሜ!» ሲሉ የምመልሰው አጣሁ። ባትሪው አልሞተም ነበር፤ ቻርጀር ላይ ሲሰካ ተመለሰ።

ሁለተኛው ስህተት መልቲሜትር ላይ የተቀራረበ ቁጥር ስለታየ ባትሪዎቹ እኩል ሞልተዋል ብሎ ማመን ነው። የዚህ ባትሪ ቮልት በመካከለኛው የሙላት ደረጃ ላይ እምብዛም ስለማይለዋወጥ፣ 13.1 እና 13.2 የሚያሳዩ ሁለት ባትሪዎች በሙላታቸው በጣም ሊራራቁ ይችላሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ በየተራው አምራቹ በፈቀደው ቮልት፣ ብዙውን ጊዜ ከ14.2 እስከ 14.6፣ ይሞላል፤ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ከሆነ የሚገባው ከረንት ከ5 አምፔር በታች እስኪወርድ ይጠበቃል፤ ከዚያም ተነቅሎ ጥቂት ሰዓታት ያርፋል። ገና ከቻርጀር እንደተነቀለ የሚነበበው ቮልት አይታመንም። ካረፉ በኋላ ልዩነታቸው ከ0.1 ቮልት በታች ከሆነ ይገናኙ፤ አንዱ ብቻውን እየወረደ ከሄደ ግን ደካማ ሴል (ባትሪው ከተሠራባቸው ነጠላ ክፍሎች አንዱ) ሊኖረው ስለሚችል አይጣመር።

የመኪና ባትሪ ቻርጀር መጠቀም፣ በተለይ ከ15 ቮልት በላይ የሚወጣ የማደሻ ዘዴ ያለውን፣ ሌላው ስህተት ነው።

ሴል እየገዙ ራሳቸው ባትሪ የሚገጣጥሙ ሰዎች ስህተት ከትዕግሥት ማጣት ይመጣል። ባለ 280 አምፔር ሰዓት 4 ሴሎች ሙላታቸው እኩል እንዲሆን በፓራሌል ሲታሰሩ 1,120 አምፔር ሰዓት ይሆናሉ፤ ግማሽ ሞልተው ቢመጡ እንኳ ባለ 10 አምፔር በሆነ ፓወር ሳፕላይ (ቮልቱ በእጅ የሚስተካከል የኃይል መስጫ መሣሪያ) ለመሙላት 56 ሰዓት ይፈጃል። ሰውየው ይሰለችና ቮልቱን የአንድ ሴል የሙላት ጣሪያ ከሆነው 3.65 በላይ ከፍ አድርጎ ይተኛል፤ ጠዋት ሴሎቹ አብጠው ያገኛቸዋል። የሚሻለው መጀመሪያ በሲሪስ (የአንዱን ፖዘቲቭ ከቀጣዩ ኔጋቲቭ ጋር) አስሮ፣ ቢኤምኤስ ገጥሞ፣ አንዱ ሴል ሞልቶ ቢኤምኤሱ እስኪዘጋ በተለመደው ቻርጀር መሙላት፣ ከዚያ ፈትቶ በፓራሌል ማሰርና ቀሪውን ትንሽ ነገር በፓወር ሳፕላዩ መጨረስ ነው። 3.65 ቮልቱ ገመዱ ከሴሎቹ ጋር ሳይገናኝ ተስተካክሎ በመልቲሜትር ይረጋገጣል። መብራት ሄዶ ሲመለስም መሣሪያው በዚያው ቮልት መነሣቱን ማየት ያስፈልጋል፤ በእኛ አካባቢ ይህ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም።

«ቢኤምኤሱ ራሱ ያስተካክለዋል» የሚሉም አሉ። በብዙዎቹ ውስጥ የማስተካከያው ከረንት እጅግ ትንሽ ነው፤ 0.1 አምፔር ቢሆን 10 አምፔር ሰዓት ለማስተካከል 100 ሰዓት ይወስዳል።

ስለ ብርዱም ይጠይቁኛል። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም፤ በደሴ ቤት ውስጥ ወደዚያ መውረዱ ግን የሚያሰጋ አይደለም። ይልቅ ቁልቁል ወርደው ኮምቦልቻ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ፀሐይ በሚመታው ጥግ የሚያስቀምጡት ያሳስበኛል።

ሲገናኙ ገመዶቹ እኩል ርዝመትና ውፍረት ይኑራቸው፤ ለእያንዳንዱ ባትሪ የራሱ ፊውዝ ይግባ፤ ወደ ኢንቨርተሩም ፖዘቲቩ ከመጀመሪያው፣ ኔጋቲቩ ከመጨረሻው ባትሪ ይውጣ። ከዚያ ኢንቨርተሩን አሠርቶ በየባትሪው ገመድ ላይ ክላምፕ ሜትር (ገመዱን አቅፎ ከረንት የሚለካ መሣሪያ) ማስገባት ነው፤ እኩል አቅም ካላቸው ሁለት ባትሪዎች አንዱ 32፣ ሌላው 8 አምፔር ከሰጠ፣ በቅድሚያ የላላ ብሎን ይፈለግ።