ዳገት ላይ የምትሸነፍ አሮጌ ኮሮላ፦ ችግርና መፍትሄ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ለአሮጌ መኪና እንደ ሐኪም ነው። ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ኮሮላ ሜዳ ላይ የደበቀችውን ሕመም ሁሉ እዚያ ታወጣዋለች። አብዛኛው ሕመም በርካሽ ዕቃ ይድናል፤ የሚያሳዝነኝ ሰው ውዱን አስቀድሞ ማስፈታቱ ነው።

ውሃ ታፈላለች

የእኔዋ በየዳገቱ ማፍላት ስትጀምር አንድ መካኒክ «የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ሞተሩ ይፈታ» አለኝ፤ ቴስታታው የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጓርኒሲዮኑ ደግሞ ከሥሩ ያለው መዝጊያ ንጣፍ ነው። ጥፋቱ የራዲያተሩ ክዳን ነበር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የክዳኑ ሞላ ግፊቱን አፍኖ ሲይዝ ግን የራዲያተሩ ውሃ እስከ 110 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ሞላው ከላላ ወይም ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ይህ መጠባበቂያ ይጠፋል። ቆላ ላይ ያልታወቀ ድካም ደጋ ላይ የሚጋለጠው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ከፍተው ላስቲኩንና የውሃውን መጠን ይዩ። እንደጋለ መክፈት ፊትና እጅ ያቃጥላል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ቀጥሎ ቺንጋው (የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ቀበቶ) አለመላላቱን ይመልከቱ። ከዚያ ቴርሞስታቱን (ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን በር) አውጥተው ድስት ውስጥ ይቀቅሉት። 82 ተብሎ የተጻፈበት ከሆነ ውሃው ከመፍላቱ በፊት መከፈት መጀመር አለበት። 92 የሚል ከሆነ ግን ደሴ ውስጥ በድስት ላይከፈት ይችላልና ተበላሽቷል ብለው እንዳይጥሉት። ቴርሞስታቱን አስወግዶ መንዳት ተለምዷል፤ እኔ አልስማማበትም። በደሴ ብርድ ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ ይውላል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል።

ጓርኒሲዮኑን መጠርጠር ያለብን የሞተሩ ዘይት ወተት የገባበት ቡና ሲመስል፣ ወይም ሞተሩ እየሠራ ከራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ሲወጣ ነው። ያኔ ይፈታ።

ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ጉልበትም የላትም

ባቲ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ካርቡሬተሯ የተስተካከለላት መኪና ደሴ ስትወጣ አየሩ ይሳሳባታል፤ የሚገባላት ቤንዚን ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ከአቧራ ያጽዱ፣ የቾኩ ክዳን (ሞተሩ በብርድ ሲነሳ አየር የሚቀንሰው) ተጣብቆ እንዳልቀረም ይዩ። ካርቡሬተሩን ማስተካከል ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜዎን በሚነዱበት ከፍታ ላይ ያሠሩት። ደጋ ላይ ጥቂት ጉልበት ማነሷ ግን የአየሩ ጠባይ ነው፤ ማንም አይጠግነውም።

ዳገት ላይ ትጠፋለች፣ አርፋ ትነሳለች

ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ፦ በሙቀት የሚደክም ቦቢና (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ዕቃ)፣ ወይም ፓምፑና ቱቦው ውስጥ ወደ ትነት የተለወጠ ቤንዚን። የጠፋችው ወዲያው እንደቆመች፣ ሳትቀዘቅዝ፣ ካንዴላው እሳት እንዳለው ያስፈትሹ። እሳት ከሌለ ቦቢናውን ይጠርጥሩ። እሳት ካለ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገው ይጠብቁ፤ ከተነሳች ምክንያቱ ትነት ነው። ዘላቂ መፍትሄው የቤንዚን ቱቦውን ከጭስ ማውጫው ማራቅ ነው።

ሰማያዊ ጭስ

ዘይት እየተቃጠለ ነው። ወደ ኮምቦልቻ በማርሽ ተይዛ ስትወርድ ቆይታ፣ ታች ነዳጅ ሲሰጧት ብቻ ቡፍ ካለች የቫልቭ ጎሚኒዎቹ (ዘይት በቫልቮቹ በኩል እንዳይወርድ የሚያግዱ ላስቲኮች) ደርቀዋል፤ እነሱን መቀየር ብቻ ይበቃል። ዳገቱን ሙሉ እያጨሰች ከወጣች ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፤ ለዚያ ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምሩ።

ጠዋት አትነሳም

ሞቶሪኖው (ሞተር ማስነሻው) እየደከመ የሚያቃስት ከሆነ አዲስ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት የባትሪውን ጫፎች ፈተው በሙቅ ውሃ ያጽዱ፣ አጥብቀውም ይሰሩ።