በአይብ የሚሠራ ቸኮሌት ሙስ፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ የረመዳን ምሽት ሰሃን ከቤት ቤት ሲመላለስ ነው የሚያመሸው። ባለፈው ዓመት ከጎረቤቶቼ የሾርባው፣ የሳምቡሳው ብዛት ልክ አልነበረውም። እኔም በተራዬ ለአፍጥር ጣፋጭ ነገር ልይዝላቸው ፈለግሁ። በክሬም የሚሠራውን ለስላሳና ቀዝቃዛ ጣፋጭ፣ ቸኮሌት ሙስን አሰብኩ። ክሬም ግን እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፤ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። አይብ አለ። በአይብ ሠራሁት። ጣዕሙ ጥሩ ነበር፣ ግን አፍ ውስጥ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ጎረቤቶቼ በትህትና በሉልኝ፤ እኔ ግን ከፋኝ። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። አሁን የት የት እንደሚበላሽ አውቃለሁ።

መጠኑ ለአራት ሰው ይህን ይመስላል፦ 300 ግራም አይብ፣ 100 ግራም ጥቁር ቸኮሌት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ካካዎ ዱቄት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ወተት፣ ቁንጥር ጨው። አይብ ቅቤው ተንጦ ከወጣለት በኋላ በቀረው አሬራ ስለሚሠራ ስቡ ትንሽ ነው። የሚመታ ክሬም ግን ከመቶ 35 ገደማው ስብ ነው። ሙሱ ሆድ ላይ የማይከብደው ለዚህ ነው።

የታጠነ አይብ መግዛት

ወተት የሚናጥበት ዕቃ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ለክትፎ የሚቀርብ አይብ ከሆነ ሽታው ያምራል። ከቸኮሌት ጋር ግን አይስማማም፤ ጭሱ ካካዎውን ይሸፍነዋል። ጤና አዳም ወይም ኮሰረት የገባበትም እንደዚያው ነው። ሰኞ ገበያ ስትሄዱ አታፍሩ፣ ጠይቁ። «እማማ፣ ዕቃው ታጥኗል?» ማለት ነውር አይደለም። ቅመሱም። የኮመጠጠ ከሆነ ለሙስ አይሆንም፤ ማር ብትጨምሩበትም መኮምጠጡ ከኋላ ይመጣል።

ስትቀምሱ ጥቂቱን በሁለት ጣታችሁ መሃል ፈጭታችሁ እዩት። ከተለጠፈና ከለሰለሰ ጥሩ ነው። እንደ ጎማ ከተንከባለለ ሲሠራ ብዙ እሳት አግኝቶታል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን የትኛውም ጁስ መፍጫ አያለሰልሰውም።

አንድ ነገር ልጨምር። የገበያ አይብ ካልፈላ ወተት የሚመጣ ነው፤ ሲሠራም በለስላሳ እሳት ብቻ ይሞቃል። በቤታችሁ ነፍሰ ጡር ወይም ትንሽ ልጅ ካለ ራሳችሁ ሥሩት። 2 ሊትር ወተት አፍሉ፣ ከእሳት አውርዱ፣ የሎሚ ጭማቂ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ ቀስ ብላችሁ አማስሉ። አጓቱ ሲለይ አቁሙና አጥልሉት። 300 ግራም ያህል ይወጣዋል። ቅቤው ስላልወጣለት ከገበያው ይልቅ ስብ አለው፣ ግን ልባችሁ ያርፋል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም፤ ይህን አትርሱ።

አጓቱን ሳያጠልሉ መጀመር

እህቴ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። አንድ ቀን ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ሾርባ ሆነብኝ እኮ!» አለችኝ። አይቡን ከላስቲኩ አውጥታ በቀጥታ መፍጫው ውስጥ ገልብጣዋለች። አይብ በውስጡ ብዙ አጓት ይይዛል፣ ሲፈጭ ይለቀዋል። ንጹህ ነጠላ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ቋጥሩት፣ ለአንድ ሰዓት አንጠልጥሉት፣ በመጨረሻም በእጃችሁ ቀለል አድርጋችሁ ጭመቁት። አጓቱን አትድፉት፤ የዳቦ ሊጥ ቢቦካበት ይጥማል።

ሁሉንም አንድ ላይ መፍጨት

የእኔ የመጀመሪያ ሙስ አሸዋ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አይብ፣ ቸኮሌት፣ ማር፣ ካካዎ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ከትቼ አስነሳሁት። ቸኮሌቱ ሲገባ ድብልቁ ይወፍራል፤ ምላጩ ዙሪያ ብቻ ይሽከረከራል፣ የአይቡ እንክብሎች ሳይፈጩ ይቀራሉ። ጥቁር ስለሆነ ደግሞ በዓይን አይታዩም። ምላስ ግን ያገኛቸዋል።

አይቡ ብቻውን ይፈጭ። ወተቱን ጨምሩበት፣ ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ፣ በየመሃሉ እያቆማችሁ ዳር ዳሩን በማንኪያ እየጠረጋችሁ። ነጭ ሳለ እንክብሉ ይታያል፤ እስኪጠፋ ድረስ ቸኮሌት አታስቡ። እንደ እርጎ ሲያብረቀርቅ ደርሷል። የሙሱ ልስላሴ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መብራት ከሄደባችሁ ተስፋ አትቁረጡ። አይቡን በደቃቅ ወንፊት በማንኪያ ጀርባ እየተጫናችሁ ሁለት ጊዜ አሳልፉት። ክንድ ያደክማል፣ ውጤቱ ግን አያሳፍርም።

ቀዝቃዛ አይብ ላይ ትኩስ ቸኮሌት ማፍሰስ

የደሴ ሰው ይህን ክፍል ደጋግሞ ቢያነበው ደስ ይለኛል። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጠዋት ላይ ወጥ ቤታችንን ፍሪጅ ያስመስለዋል። ቸኮሌት ደግሞ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ላይ ቀልጦ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ የሚጠጥር ነገር ነው። ቀዝቃዛ አይብ ላይ ስታፈሱት ገና ሳይዋሃድ በቅጽበት ይደርቃል። ሙሱ ውስጥ ጥቃቅን የቸኮሌት ፍርፋሪ ይበተናል። አንዳንዱ ሰው ሆን ተብሎ የተጨመረ ይመስለዋል፤ ሙስ ግን እንዲህ መሆን የለበትም።

አይቡ ከተፈጨ በኋላ ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙት። ጣት ሲነኩት ቅዝቃዜ እንዳይሰማ፣ እንዳይሞቅም። ከዚያ ከአይቡ ሁለት ማንኪያ ወስዳችሁ የቀለጠው ቸኮሌት ውስጥ ጨምሩና በደንብ አዋህዱ። ሁለቱ ሲላመዱ ቀሪውን አይብ፣ ማሩን፣ ካካዎውንና ጨዉን ጨምሩ። ፍርፋሪ ከሆነባችሁም አትጣሉት። ሙሉውን ዕቃ ሙቅ ውሃ ላይ አድርጋችሁ እያማሰላችሁ ለብ አድርጉት፣ ቸኮሌቱ መልሶ ሲቀልጥ እንደገና ፍጩት።

የሀረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ቀኑ ይሞቃል። እህቴ አይብ ማሞቅ አያስፈልጋትም። የእሷ ችግር ሙሱ ጠረጴዛ ላይ አለመጥናቱና አይቡ ቶሎ መኮምጠጡ ነው። የኮምቦልቻ ሰው አይቡን በገዛበት ቀን ይሥራው፣ እንዳለቀም ፍሪጅ ውስጥ ያስገባው።

ቸኮሌቱን ውሃ ማስነካት

ቸኮሌት ስታቀልጡ ከሥር ያለው ውሃ አይፈላ፣ ዕቃውንም አይንካው። እንፋሎቱ ይበቃል። የቀለጠ ቸኮሌት ላይ ጠብታ ውሃ ቢገባ ወዲያው ጓጉሎ እንደ ጭቃ ይጠጥራል። እርጥብ ማንኪያም ያው ነው። ከሆነባችሁ ትኩስ ወተት በማንኪያ እየጨመራችሁ በኃይል አማስሉት፣ ይመለሳል። የሚገርመው ይህ ነው፦ ጥቂት ጠብታ ያበላሸዋል፣ በርከት ያለ ትኩስ ወተት ግን ያስተካክለዋል።

ያልሆነ ቸኮሌት መግዛት

የማሸጊያውን ጀርባ አንብቡ። የካካዎ ቅቤ ካልተጻፈበትና በምትኩ የአትክልት ስብ ካለ ሙሱ አፍ ላይ እንደ ሻማ ይለጠፋል። ብስኩት ወይም ካራሜል የገባበትንም ተዉት። ዱቄቱም ቢሆን ንጹህ ካካዎ ይሁን። በወተት ተበጥብጦ የሚጠጣው የቸኮሌት ዱቄት አብዛኛው ስኳር ነው። እሱን ጨምሮ ማርም ጨምሮ «ቀለል ያለ ሙስ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ቡና ከእነ አተላው

የወሎ ሰው ቡና ሳይጨምርበት አይቀርም፤ እኔም እጨምራለሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ወፍራም ቡና የቸኮሌቱን ጣዕም ያጎላዋል። ግን ጀበናው በደንብ ይስከን፣ አተላ አይግባ። ቡናውን የምታደርጉት ደግሞ አይቡ ላይ ነው፣ የቀለጠው ቸኮሌት ላይ አይደለም። ምክንያቱን ከላይ አይታችኋል።

እንዲጠና ጀላቲን፣ እንዲነፋ ጥሬ እንቁላል

ሁለቱም አያስፈልጉም። ጀላቲን ብዙ ጊዜ ከአሳማ ይሠራል፤ ጾም ለሚፈታ ጎረቤት የሚቀርብ ነገር ላይ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ መግባት የለበትም። ቸኮሌቱ ራሱ ሲቀዘቅዝ ሙሱን ያጠናዋል። ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ የሚባለው፣ ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ስጋት አለው። እውነቱን ለመናገር የአይብ ሙስ እንደ ክሬሙ አረፋ የሞላበት አይሆንም። ጠንከር ያለ እርጎ ይመስላል። እኔ ይህን ወድጄዋለሁ።

ሳይቀዘቅዝ ማቅረብ

ቢያንስ ሦስት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ፣ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ። አይብ የሌላውን ሽታ ይስባል። አንዴ ከቀይ ሽንኩርት ጎን አስቀምጬው ማንም ሳይበላው ቀርቷል። በሁለት ቀን ውስጥ ጨርሱት።

ስታቀርቡ በቡና ስኒ አድርጉት። 100 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ብቻውን ከ500 ካሎሪ በላይ አለው፤ አይብ ስለሆነ ብሎ በሾርባ ሰሃን የሚበላ ሰው ቀለል ያለ ነገር አልበላም። ዘንድሮ ለጎረቤቶቼ በስኒ አድርጌ ወሰድኩላቸው። ስኒዎቹ በማግስቱ ታጥበው፣ በቴምር ተሞልተው ተመለሱልኝ።