ክፍሉን ምክር ቤት አድርጎ ሥነ ዜጋን ማስተማር

ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ያሉ ተማሪዎች ክፍላቸውን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አድርገው አንድ ሕግ ማውጣት ይችላሉ። አራት ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

መጀመሪያ ርዕስ ምረጡ። ሥራው የሚቃናውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። «የአካባቢ ጥበቃ ጥቅም» ብትሏቸው መጽሐፉን ያነበንቡላችኋል። «በዕረፍት ሰዓት ሜዳው የማን ነው?» ብትሏቸው ግን ዝምተኛዋ ልጅ ሳትቀር እጇን ታወጣለች። ውሳኔው በእርግጥ እንዲፈጸም ርእሰ መምህሩን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ አለዚያ ልጆቹ ድምፅ መስጠት ከንቱ መሆኑን ተምረው ይወጣሉ።

ቀጥሎ አፈ ጉባኤ በምስጢር ድምፅ ይምረጡ፤ እናንተ አትሹሙ። ጥቂት ልጆች በሦስት አንቀጽ ረቂቅ አዋጅ ይጻፉና ለክፍሉ ያንብቡ።

አሁን ለክርክር አትቸኩሉ። እንደ እውነተኛው ምክር ቤት ረቂቁ ለዝርዝር ዕይታ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ይመራ። ብዙ መምህራን ይህን ደረጃ ይዘሉታል፤ ለእኔ ግን የሥራው ልብ ይህ ነው። ስድስት ወይም ሰባት ልጆች ደብተር ይዘው ይዙሩ፦ መረብ ኳስ መጫወት ተመኝተው ቦታ ያጡትን ሴቶች ልጆች፣ የስፖርት መምህሩን፣ በትልልቆቹ የሚገፉትን የአንደኛ ክፍል ሕፃናት ይጠይቁ። ዓይን አፋሮቹን እዚህ ኮሚቴ ውስጥ አስገቧቸው። የሚናገረውን በራሱ እግር ዞሮ የሰበሰበ ልጅ ሰው ፊት ሲቆም ጉልበቱ አይንቀጠቀጥም።

በክርክሩ ቀን ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሁለት ደቂቃ ስጡ። ንግግሩ «የተከበሩ አፈ ጉባኤ» ብሎ ይጀምር፤ ተቃዋሚ የሆነም ከመመለሱ በፊት የባላጋራውን ሐሳብ፣ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ ይድገም። «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በአደባባይ የሚሟገቱ አባቶች የነበሯት አገር ልጆች ለዚህ እንግዳ አይደሉም። ሲናገሩ አታርሟቸው፤ የድምፁን ማነስ፣ የዓይኑን መሸሽ በኋላ ለብቻ ንገሯቸው።

ድምፅ ከመስጠት በፊት ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱ ይረጋገጥ፤ በሕገ መንግሥቱ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘት አለባቸው። ድጋፍ፣ ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ ተቆጥረው በሰሌዳው ላይ ይጻፉ። የጸደቀውን ሕግ ርእሰ መምህሩ እንደ ፕሬዚዳንት ይፈርሙበት። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርሙም ሕጉ ሥራ ላይ እንደሚውል ለልጆቹ ንገሯቸው፤ በጣም ይገረማሉ፣ ጥያቄም ያነሳሉ። ከዚያ እንደ ነጋሪት ጋዜጣ በሩ ላይ ይለጠፍ።

የተሸነፉት ወገኖች ተቃውሟቸው በቃለ ጉባኤ ይስፈርላቸው፤ ከአንድ ወር በኋላም የማሻሻያ ረቂቅ ይዘው እንዲመጡ ቀን ቁረጡላቸው።