የዘፋኝ ድምፅ ከአልበም አልበም ሲለወጥ እንዴት እንደሚደመጥ
የኢንዲ ሮክ (ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ ያደገ የሮክ ዘርፍ) ዜማ ደራሲና ዘፋኝ የሆነውን የኤሊየት ስሚዝን አልበሞች በወጡበት ቅደም ተከተልና በአንድ ማዳመጫ ይስሙ፤ ጮኽ ያለው ቅጂ ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል የድምፁን መጠን አስቀድመው ያስተካክሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የመጀመሪያ የግል አልበሙ ቤት ውስጥ በባለ አራት ትራክ መቅጃ (አራት ድምፆችን ለየብቻ ቀድቶ በሚደርብ መሣሪያ) የተቀዳ፣ ከሹክሹክታ ብዙም ያልራቀ ሲሆን፣ የ1998ቱ ግን በስቱዲዮ በፒያኖና በቫዮሊኖች የዳበረ ነው። በአንዲት የፈረስ ጭራ ክር ግጥሙን የሚያጅብ አዝማሪ ሲሰማ ያደገ የጎንደር ጆሮ እዚህ ላይ ትልቅ ሀብት አለው፤ ስለዚህ መሣሪያዎቹን ከመቁጠር በፊት ድምፁን ብቻ ይከተሉ፣ አንዱን ስንኝ ሁለት ጊዜ ዘፍኖ የደረበበትንም ይለዩ። ይህ ድርብ ድምፅ እንደ እኔ እምነት ከቫዮሊኖቹ ይበልጣል፤ አጃቢው ሁሉ ሲለወጥ እሱ አብሮት ዘልቋልና።