«ማን ነካው?»፦ በገዛ እጅ የተጠገነ መኪና ችግርና መፍትሄ

መኪናህን ራስህ ነካክተህ ስታበቃ አዲስ ችግር ብቅ ካለ፣ መጀመሪያ መኪናዋን አትጠርጥር። ራስህን ጠርጥር። ትናንት ያልነበረ ድምፅ ዛሬ ከመጣ፣ ትናንት የፈታኸው ቦታ ሄደህ ፈልገው። እኔ ይህን የተማርኩት በአንዲት አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ ነው። በ2016 ዓ.ም የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችንን ማባበል ሆኗል ሥራችን። እሁድ እሁድ ጅማ ውስጥ ከመኪና ሥር የወጣ እግር ብታይ አይግረምህ።

ፍሬኑ ወለል ድረስ ይገባል

የፊት ፍሬን ሸራ ቀየርክ። ጎማውን አሰርክ፣ ክሪኩን አወረድክ፣ እጅህን ታጠብክ። ሞተር አስነስተህ ነቅነቅ ስታደርጋት ፍሬን የለም። ፔዳሉን መርገጥ ቅቤ እንደመርገጥ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አዲሱ ሸራ ከአሮጌው ስለሚወፍር፣ እሱን ለማስገባት ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን ወደ ኋላ ገፍተኸዋል። አሁን ፒስተኑና ሸራው መካከል ክፍተት አለ። የመጀመሪያዎቹ እርግጫዎች ያንን ክፍተት ብቻ ነው የሚሞሉት። መኪና አያቆሙም።

መፍትሄው፦ መኪናዋ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ ፔዳሉ እስኪጠጥር ደጋግመህ ርገጥ። ከዚያ የፍሬን ዘይቱን ልክ እይ። ብዙ ረግጠህም ካልጠጠረ፣ ወይም እግርህ ሥር ቀስ እያለ ከወረደ፣ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል፤ አለዚያም የሚያፈስ ቦታ አለ። እንዲህ ሆና መንገድ አትወጣም፣ አለቀ።

እኔ ቤቴ ወደ ጅሬን በሚወጣው ዳገት ላይ ነው፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ባለበት በኩል። መኪናዋ ከግቢ ወጣችና ቁልቁል ጀመረች። አንዴ ረገጥኩ፣ የለም። ሁለቴ፣ የለም። የእጅ ፍሬኑን ጎትቼ የጎረቤታችንን የቆርቆሮ አጥር በአፍንጫዋ ተደግፋ ቆመች። እማማ ብቅ አሉ። ቡና እያፈሉ ነበር መሰለኝ፣ ማራገቢያው እጃቸው ላይ ነው። አጥሩን አዩ፣ መኪናዋን አዩ፣ እኔን አዩ። «ልጄ፣ ቡናው ሸቶህ ነው? በበሩ ብትመጣ አይሻልም ነበር?» ከአቦል እስከ በረካ አንገቴን ደፍቼ ጠጣሁ። ስወጣ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ረገጥኩት። እንደ ድንጋይ ጠጠረ። የጎደለው ያ ብቻ ነበር። አጥሩን ግን አሠርቻለሁ።

ፍሬኑ እየያዘ ብረት ከብረት ሲፋጭ የምትሰማ ከሆነ ደግሞ ሸራውን ገልብጠህ አስገብተኸዋል። አትሳቅ፣ ይደረጋል። የሚፋተገው ፊት ወደ ዲስኩ፣ የብረቱ ጀርባ ወደ ፒስተኑ ነው። ዲስኩን በጣትህ ስትዳብሰው ቦይ ቦይ የሚል ከሆነ ለባለሙያ አሳየው።

ጎማ ከተቀየረ በኋላ ኳ ኳ ይላል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል

ወዲያው ቁም። ጎማውን የሚያስሩት ዳዶዎች ላልተዋል ወይም ተገልብጠው ገብተዋል። በተራው የብረት ቸርኬ ላይ የዳዶው ሾጣጣ ጎን ወደ ውስጥ፣ ወደ ቸርኬው ነው የሚዞረው። ጠፍጣፋውን ወደ ውስጥ ካደረግከው ጠብቆ የታሰረ ይመስልሃል እንጂ ቸርኬውን መሃል ላይ አይዘውም።

እኛ አገር ሌላም አለ፤ ጭቃ። ጅማ ዝናቡ ከመጋቢት ይጀምርና እስከ መስከረም አይለቅም። ስኮርታህን (መጠባበቂያ ጎማህን) ጭቃ ላይ አስተኝተህ እንደዚያው ከገጠምከው፣ ጭቃው ደርቆ ሲራገፍ ዳዶው በራሱ ይላላል። የሚገጣጠመውን ፊት በጨርቅ ጥረገው። ዳዶዎቹን በመስቀለኛ እያፈራረቅህ እሰር፣ የመጨረሻውን ማጥበቂያ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ አድርገው። የአብዛኛው ትንሽ ቶዮታ ልክ 100 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ቁልፉ ላይ ወጥቶ መዝለል ጉልበት ማሳያ እንጂ ጥገና አይደለም፤ ጥርሱን ይበላዋል። አጋሮ ደርሰህ ስትመለስ እንደገና ፈትሸው።

ዘይት ተቀይሮ መኪናዋ አልሄድ አለች

ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም፣ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ይህ የአንድ ጓደኛዬ ታሪክ ነው (እኔ አይደለሁም፣ እውነቴን ነው)። አውቶማቲክ ቪትስ አለው። ከሥር ያገኘውን ብሎን ፈታ፣ ቀይ ዘይት ወረደ። «እንዴ፣ ገና ንጹሕ ነበር እኮ!» ብሎ ተገረመ። መገረም ሳይሆን ማቆም ነበረበት። ያገለገለ የሞተር ዘይት ጥቁር ነው። ቀይና ቀጭን ከወረደ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ነው። እሱ ግን ዘግቶ በሞተሩ አፍ ከሦስት ሊትር በላይ አዲስ ዘይት ጨመረ። ካምቢዮው ባዶ፣ ሞተሩ እስከ አፍ ገደፉ።

እንዲህ ከሆነ ሞተሩን አጥፋ፣ «እስቲ ትንሽ ልሞክራት» አትበል። የሞተሩን ዘይት ቀንስ፣ ካምቢዮውን የመኪናው መጽሐፍ በሚለው ዓይነት ዘይት ሙላ። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመህ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀህ መለኪያውን አውጣ። በትንንሽ መኪኖች ላይ በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት 1 ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ ስትጨምር አታብዛ።

ዘይት ከቀየርክ በኋላ ከሥር የሚንዠቀዠቅ ከሆነ የፊልትሮውን ጎሚኒ እይ። አሮጌው ጎሚኒ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ላይ ታስሮ ይሆናል።

ሙቀቱ እየወጣ ነው

የራዲያተር ውኃ ቀይረህ ወይም የውኃውን ጎሚኒ ፈትተህ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ የታሰረ አየር ነው። ሙቀት መለኪያው ይወጣል፣ የመኪናው ማሞቂያ ግን ቀዝቃዛ አየር ይነፋል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተህ ሙላ፤ አስነሳና ቬንቲሌተሩ እስኪዞር እየጨመርክ ጠብቅ። ላይኛውን ጎሚኒ ጨበጥ ለቀቅ ብታደርገው አረፋው ይወጣል። በሞቀ ሞተር ላይ ግን ክዳን አይነካም። ፊት ያቃጥላል።

ክዳኑን አትናቀው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትርን ያልፋል፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ደህና ክዳን ግፊቱን ስለሚይዝ ከ110 በላይ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። እኔ አንድ ጊዜ የላላውን ክዳን በፌስታል ጠቅልዬ አጥብቄው ለአዲስ አበባ ተነሳሁ። ከጊቤ በረሃ ሽቅብ ስወጣ ፌስታሉ ቀልጦ፣ እኔ በጀሪካን ውኃ ስለምን ነበር።

ባትሪ ተቀይሮ ሁሉም ነገር ሞተ

ፕላስና ማይነሱን አገላብጠሃል። ዋናው ፊውዝ ተቃጥሎ ይሆናል፣ እሱን ቀይር። መኪናዋ ተነስታም የባትሪው መብራት ካልጠፋ ዲናሞውን አስፈትሽ። ስትፈታ ማይነስ መጀመሪያ፣ ስታስር ማይነስ መጨረሻ።

ሞተር ከታጠበ በኋላ ትንቀጠቀጣለች

ጭቃው አስጠልቶህ በግፊት ውኃ አጥበሃታል። እሳት የሚሰጡት ካንዴላዎች ጉድጓድ ውስጥ ወይም እሳቱን የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ክዳን ሥር ውኃ ገብቷል። ከፍተህ አድርቅ። የካንዴላ ገመዶቹን ነቅለህ ከነበረ ቦታ ተለዋውጠው ይሆናል፤ በአሮጌ ባለአራት ሲሊንደር ቶዮታ ሲሊንደሮቹ እሳት የሚያገኙበት ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ለወደፊቱ አንድ በአንድ ንቀል፣ ወይም ፎቶ አንሳ። ስልክህ ለዚህ ካልሆነ ለምን ገዛኸው?

ትነሳለች፣ ግን ወዲያው ትጠፋለች

መጀመሪያ ቤንዚን መኖሩን እይ። ካለና ጥቁር ጭስ ከቤንዚን ሽታ ጋር የሚወጣ ከሆነ ሞተሩ አየር አጥቷል። የአየር ፊልትሮውን ቤት ክፈት።

እኔ አልከፈትኩም። ካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ካጸዳሁ በኋላ ነበር እንዲህ የሆነችው። ጎትቼ እዚሁ ጅማ መርካቶ አጠገብ ወዳለ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ኮፈኑን ከፈተ። «ጋሼ፣ ማን ነካው?»

«ማንም። ራሷ ናት እንዲህ የሆነችው።»

ዝም ብሎ የፊልትሮውን ክዳን ፈታ። ጣቱን ካርቡራተሩ አፍ ውስጥ ከትቶ ይጎትት ጀመር። ሰማያዊ ጨርቅ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ። ቆሻሻ እንዳይገባ ብዬ የወተፍኩት የልጄ አሮጌ ቲሸርት ግማሹ ነው። ልጁ ጨርቁን ዘርግቶ አየው። ከዚያ የሱሪዬን የኋላ ኪስ አየ። ሌላኛው ግማሽ ከዚያ ተንጠልጥሎ ነበር።