ቀለሙ ያሳሳተን ማይኮባክቴሪየም

የታማሚው አክታ ስሚር (በማይክሮስኮፕ የሚታይ ምርመራ) ፖዘቲቭ ነው፣ የቲቢን ዘረመል የሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት ግን ቲቢ የለም ይላል። ካልቸሩ (ላብራቶሪ ውስጥ የምናሳድገው ባክቴሪያ) ሲያድግ የቲቢን ፕሮቲን የሚፈልገው የኤምፒቲ64 ምርመራም ኔጌቲቭ ሆነ። ስለዚህ ቲቢ ያልሆነ ማይኮባክቴሪየም፣ ማለትም የቲቢ ባክቴሪያ ዘመድ ነው፤ ግን የትኛው? በ37 ዲግሪ ጨለማ ውስጥም ብርቱካናማ ስለሆነ፣ «ማይኮባክቴሪየም ጎርዶኔ ነው፣ የውሃ ብክለት ነው» ተባለ። እኔን ግን አልዋጥልኝ አለ።

ያንኑ ባክቴሪያ በ25 ዲግሪ አሳደግኩት። አንዱን ቱቦ በፎይል ጠቀለልኩ፣ ሌላውን ብርሃን ላይ ተውኩት። የተጠቀለለው ቀለም አላወጣም፤ ብርሃን ያገኘው ቢጫ ሆነ። በ37 ዲግሪ ጨለማም ውስጥ ቀለም ማውጣት፣ በ25 ግን በብርሃን ብቻ፦ ይሄ ጠባይ የማይኮባክቴሪየም ዙልጋይ ነው! ዝርያውን የሚለየው የኤችኤስፒ65 ጂን ሲኩዌንስም (የዘረመል ንባብ) አረጋገጠው። ታማሚው በሌላ ቀን ከሰጠው አክታም ያው አደገ። ጎርዶኔ ብዙ ጊዜ በሽታ አያመጣም፤ ዙልጋይ ከአክታ ሲገኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው የእውነት ታሟል ማለት ነው። ወዲያው ለሐኪሙ ደወልን።