እጅ ሚፈራ በቀቀን እንጨት ላይ እንዲወጣ ስታለማምዱ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

እጅ ሲገባ ኬጁን እየዞረ ሚጋጭ በቀቀን ካላችሁ እንጨት ላይ መውጣት ማስለመዱ ትክክለኛ ሀሳብ ነው፣ ኬጅ ስታፀዱም ሐኪም ጋ ስትወስዱትም ይገላግላችኋል። ግን አብዛኛው ሰው ወፉን ሚያስለምደው እንጨቱን መሸሽ ነው።

መጀመሪያ እንጨቱ ራሱ። ዶሮ ማባረሪያውን ወይ ድመት ማስፈራሪያውን አንስቶ "ና ውጣ" ማለት አይሰራም፣ ወፉ ያ እንጨት ምን ሲሰራበት እንደሚውል አይቷል። እኛ ጎጃም ደግሞ እንግዳው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ነው ሚገባው፣ ሰላም ልበል ብሎ ጎንበስ ሲል የዱላው ጫፍ ኬጁ ጋ ይደርሳል፣ ወፉ ከዛ በኋላ ረዥም ነገር ባየ ቁጥር ቢበረግግ አይፈረድበትም። "አያ፣ ዱላዎትን በር ላይ ያኑሩልኝ፣ ወፏ ትደነግጣለች" ብትሉ ማንም አይቀየማችሁም። ለልምምዱ አዲስ የቡና ወይ የዘይቱን ቅርንጫፍ ቁረጡ፣ ቀለም ያልነካው፣ ልጡ ያልተላጠ (ለስላሳ ከሆነ እግሩ ያንሸራትተዋል)። ውፍረቱ ላቭበርድ ለሚባለው ትንሹ በቀቀን ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር፣ ግሬይ ለሚባለው ትልቁ ግራጫ በቀቀን ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የአቮካዶ ቅርንጫፍ ግን በፍፁም! ፐርሲን ሚባል መርዝ አለው፣ የበቀቀን ልብ ነው ሚጎዳው፣ ፍሬውንም አትስጡት።

ሁለተኛው ችኮላ ነው። እንጨቱን ዛሬ አሳይቶ ዛሬውኑ ውጣ ማለት። መጀመሪያ ራቅ አርጋችሁ አስቀምጡት፣ እያየው ይብላ፣ ቀስ በቀስ አስጠጉት። ላባውን ሰውነቱ ላይ ለጥፎ አንገቱን ካሰገገ፣ ወደ ኋላ ካዘነበለ ወይ አፉን ከፍቶ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ቀርባችሁበታል ማለት ነው፣ እንጨቱን ወደ ኋላ መልሱ፣ "ይለምደዋል" ብላችሁ እዛው አትገትሩት።

ከላይ ወይ ከኋላ ማምጣትም አለ። ከላይ ሚመጣ ነገር ለወፍ ጭልፊት ነው፣ አለቀ። ከፊት፣ ከታች፣ በዝግታ፣ ከእግሩ ትንሽ ከፍ አርጋችሁ ሆዱ ፊት ለፊት ያዙት።

አሁን ዋናው፣ ሆዱን በእንጨት መግፋት። ቪዲዮ ላይ ሁሉም እንደዛ ሲያደርግ ታያላችሁ፣ ለለመደ ወፍ ይሰራል፣ ሚዛኑ ሲዛባ ይወጣላ። ፈሪው ግን ሚማረው እንጨት ሲመጣ መገፋት እንደሚመጣ ብቻ ነው፣ በሚቀጥለው ከሩቁ ይሸሻችኋል። ከመግፋት ይልቅ የሱፍ ፍሬ ከእንጨቱ ወዲያ ማዶ ያዙለት፣ ለመድረስ አንገቱን ይዘረጋል፣ ሳይደርስ ሲቀር አንድ እግሩን ያሳርፋል። ያቺ አንድ እግር ትበቃለች፣ ወዲያው ስጡት፣ ሁለተኛውን እግር አትጠብቁ። ሁለቱንም ሲያወጣ ደግሞ "ወጣ!" ብላችሁ ብድግ አታርጉት፣ እዛው ይብላና ይውረድ፣ ማንሳቱ ኋላ ይደርሳል፣ እሱም መጀመሪያ ጣት ታህል ብቻ።

እንጨቱን በምንቃሩ ሲይዝ ሊነክስ ነው ብሎ መንጠቅ፣ ይሄም የተለመደ ነው። በቀቀን በምንቃሩ ነው ሚዳስሰው፣ ይሸከመኝ ይሆን ብሎ እየፈተነ ነው። ከነጠቃችሁት እንጨቱ ማይታመን መሆኑንም፣ በምንቃር ሲነካ እንደሚሄድም ታስተምሩታላችሁ። እጃችሁ ሚንቀጠቀጥ ከሆነ ክርናችሁን ጠረጴዛ ላይ አስደግፉ።

ሽልማት ላይ፣ ሱፉ ቀኑን ሙሉ ሳህኑ ውስጥ ካለ ለምን ብሎ ይደክማል? ለልምምድ ብቻ አስቀሩት። ኑግም ይወዳሉ፣ የኛው ኑግ ውጭ አገር የወፍ ምግብ ተብሎ ነው ሚሸጠው፣ ግን ፍሬዋ ትንሽ ስለሆነች በጣት ለመስጠት አትመችም። ማስራብ ግን ነውር ነው፣ ጠዋት ቁርሱ ሳይገባለት ጥቂት ደቂቃ ማለማመድ በቂ ነው፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ ይሰለቻል።

ቡና እየተቆላ፣ እጣን እየጨሰ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ "እስቲ አሳየን" ሲባል አትሞክሩት። ጭሱ ለወፍ ሳንባ መጥፎ ነው፣ ጫጫታውም አለ። ጓንት አድርጎ መቅረብም ፍርሀቱን ይጨምረዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ከጫካ ተይዞ የመጣ ወፍ ላይ ይሄ ሁሉ በጣም ይረዝማል፣ ለነገሩ ዘጌ ደን ውስጥ ሚጮኹት ግንባረ ቢጫ በቀቀኖች ከኢትዮጵያ ውጪ የሉም፣ እነሱን እዛው ተዉአቸው።

በልምምድ መሃል ከበረረና መጋረጃ ላይ ከሰፈረ እንጨቱን ይዛችሁ አታሳዱት፣ የሰራችሁት ሁሉ በዛች ደቂቃ ይበላሻል። መስኮት ዝጉ፣ ባህር ዳር ከሆናችሁ ቬንትሌተሩን አጥፉ፣ ኬጁን ከፍታችሁ ሱፉን ውስጥ አርጉና ቁጭ በሉ፣ ሲርበው ይገባል።